የድሮ ፕሮግራም በዶስቦክስ ሲከፈት ፎልደሩን ካላገኘ ምን ይደረጋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ስኖር ከሁሉ የምፈራው በጠዋት ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ነው። ባለፈው ክረምት ፍላሻቸውን በመሀረብ ቋጥረው የመጡት ሴት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ናቸው። የመጻሕፍቱ ካታሎግ የነበረበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ። ሃርድ ዲስኩ ግን ተርፎ ስለነበር ያለበት ሁሉ ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። አንድ ጎበዝ ልጅም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ዶስቦክስን ጭኖ ፕሮግራሙን አስነሣላቸው። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ማውጫው መጣ፤ ካታሎጉን ሲጠሩት ግን እንዲህ የሚባል የለም አለ።

"ልጄ፣ በእጄ ያስገባሁት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። ፍላሹ ላይ ያለውን ልይና እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

ፋይሎቹ ሁሉ ነበሩ፤ መጠናቸውም ሙሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ችግር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ያጋጠመው ያው ነው፤ ፕሮግራሙ የማያውቀው ሰፈር ገብቶ የድሮውን በር ያንኳኳል። የምሠራበትን መንገድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ምሳሌዬ ሲዲኤስ አይሲስ ነው። ዩኔስኮ ለፒሲ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ለቤተ መጻሕፍት በነጻ ያደለው የካታሎግ ፕሮግራም ስለሆነ በየቦታው አሁንም ይገኛል። የሂሳብም ሆነ የንብረት መዝገብ ፕሮግራም ቢሆን አሠራሩ አይለወጥም።

ዶስቦክስ ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቅ፦ 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው፣ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበት ሥርዓት) ፕሮግራሞችን በራሱ አያስኬድም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር መስሎ የሚቀርብ አስመሳይ ፕሮግራም፣ ማለትም ኢሙሌተር ያስፈልጋል። ዶስቦክስ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ስለ 0.74 እትም ነው።

ቤቱ አንድ፣ አድራሻው ሁለት

እኛ ከተማ ለእንግዳ ቤት ሲጠቆም የቤት ቁጥር የሚናገር ሰው የለም። "ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ አረንጓዴውን በር ትመለከታለህ" ይባላል። ያው ቤት ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ በቁጥር ነው የሚታወቀው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን መዝገብ ቤት ሄደው "አረንጓዴው በር" ቢሉ የሚረዳዎት የለም።

ዶስቦክስ ውስጥ ያለ ፋይልም እንዲሁ ሁለት አድራሻ አለው። ዊንዶውስ የሚያውቀው ለምሳሌ "ዲ:\ኦልድ\ሲ\አይሲስ" ብሎ ነው። ዶስቦክስ ውስጥ የሚሮጠው ፕሮግራም ደግሞ ይህንኑ ፎልደር "ሲ:\አይሲስ" ይለዋል። ፕሮግራሙ ከእርስዎ ኮምፒውተር አንዲት ፎልደር እንኳ አያይም፤ የሚያየው እርስዎ ከፍተው ያሳዩትን ብቻ ነው። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሮ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀና "እንግዲህ ሲ ሰሙ ነው፤ ዲ:\ኦልድ\ሲ ወርቁ ነዋ!" አለኝ። ከእኔ ገለጻ የእሱ ይበልጣል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራዬ ሕግ አንድ ነው። ፕሮግራሙን አዲሱን ሰፈር ላስተምርህ ብዬ አልታገልም፤ የለመደውን የድሮ አድራሻ እንዳለ እመልስለታለሁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይሠራል። የፕሮግራሙን የውስጥ ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈተ አድራሻ ሲቀይር ይውልና ማታ ላይ የቱን እንደቀየረ ይጠፋበታል።

ስለ አጻጻፌ አንድ ማሳሰቢያ። ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ እርስዎ ዶስቦክስ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው። "ሲ"፣ "ዲ"፣ "ኢ" ብቻቸውን ሲቆሙ የድራይቭ ፊደል ናቸው፤ "ሲዲ" ደግሞ ፎልደር መቀየሪያዋ ባለ ሁለት ፊደል ትእዛዝ ናት። ነጥቦቹንና ወደ ኋላ የተጋደመውን ሰረዝ ግን እንዳሉ ያስገቧቸው። ኪቦርዱም በአማርኛ ላይ እንዳይቀር።

1. ቅጂውን ማስቀመጥ

ፍላሹ ላይ እያለ ፕሮግራሙን አይክፈቱ። አንድ ቅጂ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፤ ፍላሹን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት።

ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ግማሹ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነውና። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ዲ ድራይቭ ላይ (ዲ ከሌለ ሲ ላይ) "ኦልድ" የሚባል ፎልደር መክፈት ነው። በእሱ ውስጥ ለእያንዳንዱ የድሮ ድራይቭ አንድ አንድ ፎልደር እከፍታለሁ። አሮጌው ኮምፒውተር ሲ እና ኢ ከነበረው ዲ:\ኦልድ\ሲ እና ዲ:\ኦልድ\ኢ ይኖሩኛል። ከአሮጌው ሲ የመጣው ሁሉ በመጀመሪያው፣ ከአሮጌው ኢ የመጣው ሁሉ በሁለተኛው ይገባል፤ ውስጡ አይነካም፣ አይስተካከልም፣ "ላሳምረው" አይባልም።

የፎልደር ስም በአማርኛ መጻፍ እዚህ ላይ ክልክል ነው። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ወደ ዓለም ፊደሎች የጋራ ሰንጠረዥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዶስቦክስ ደግሞ የፎልደር ስሞችን የሚያነበው በአሮጌው የፊደል ሰንጠረዥ ስለሆነ "የካታሎግ ሰነዶች" የሚለው ስም የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ይደርሰዋል። ፎልደሩ ዊንዶውስ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ "እንዲህ የሚባል ዳይሬክተሪ የለም" ይልዎታል። ይህ ችግር ተደብቆ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ኮምፒውተሩ ሲገዛ የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ተጽፎ ከሆነ ዴስክቶፕም ሆነ ዶክዩመንትስ በዚያ ስም ሥር ስለሚውሉ በእንግሊዝኛ የሰየሙት ፎልደር እንኳ አይገኝም።

ዴስክቶፕን በሌላም ምክንያት አልወደውም። ዋንድራይቭ (ፋይሎችን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት) የበራበት ኮምፒውተር ላይ ዴስክቶፕ የሚመስለው ፎልደር ትክክለኛ ቦታው ሌላ ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥም አያስቀምጡ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እዚያ የሚጻፍ ነገር ይከለከላል ወይም ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል ስውር ፎልደር ይዞራል። ዛሬ ያስገቡት መዝገብ ነገ ከፎልደሩ ውስጥ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሰው ጂኒ ገባበት ይላል።

ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ አቋራጭ ምልክት ሆነው ከታዩ በየካፌው የሚዞረው ቫይረስ ነው። ምልክቶቹን አይጫኑ። በጸረ ቫይረስ ካጸዱ በኋላ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት "አትሪብ" በሚለው ትእዛዝ የመደበቂያውን ምልክት ያንሡ፤ እውነተኞቹ ፎልደሮች ከነልብሳቸው ይወጣሉ።

2. ማያያዝ

ዶስቦክስ ሲከፈት የሚቆመው ዜድ:\ ላይ ነው። ዜድ የዶስቦክስ የራሱ ጓዳ ነው፤ ትእዛዞቹን ብቻ ይዟል፤ የእርስዎ ነገር የለበትም። እዚያ ቆመው ፕሮግራምዎን በስሙ ቢጠሩ "ኢሊጋል ኮማንድ" ይላል። ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን "በዚህ ስም የሚጠራ ነገር እዚህ አላየሁም" ከማለት አያልፍም።

እንግዲህ ይጻፉ፦

ማውንት ሲ ዲ:\ኦልድ\ሲ

ኢንተር ሲጫኑ ድራይቭ ሲ ከዚያ ፎልደር ጋር መያያዙን የሚናገር አንድ መስመር ይመጣል። ይህችን መስመር ማንበብ ግዴታ ነው። ጣት ለጣት ተሳስተው ሌላ ፎልደር አያይዘው ከሆነ እዚሁ ላይ ይታያል፤ ካለፉት ግን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሌላ ነገር ሲፈልጉ ይውላሉ። ቀጥሎ፦

ሲ:

ብለው ኢንተር ይጫኑ። ጠቋሚው ከዜድ ወደ ሲ ይሸጋገራል። "ድራይቭ ሲ የለም፣ መጀመሪያ አያይዝ" የሚል ከመጣ ማውንቱ አልተሳካም ማለት ነው። የፎልደሩ ስም መሐል ክፍት ቦታ ካለ ሙሉውን አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት። ያያያዙትን ለመፍታት "ማውንት -ዩ ሲ" ነው። ሳይፈቱ በላዩ ላይ ሌላ ማያያዝ አይቻልም፤ "ቀድሞ ተይዟል" ይላል።

ሁለት ነጥቡና የተጋደመው ሰረዝ አልጻፍ ያሏቸው ሰዎች አሉ። የኪቦርድ አቀማመጥ ጣጣ ነው። ኦልትን ተጭነው በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች 58 ሲመቱ ሁለት ነጥብ፣ 92 ሲመቱ የተጋደመው ሰረዝ ይወጣል። ቁጥር መምቻ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ትእዛዞቹን በኖትፓድ ወደ ማዋቀሪያው ፋይል መጻፍ ይቀላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

መላውን የዊንዶውስ ሲ ድራይቭ አያያዙ። ዶስቦክስ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሰሚ ግን የለም። በዶስ ዘመን የተጻፈ ፕሮግራም ፋይል ሰርዝ ሲባል ምን እንደሚሰርዝ አያመዛዝንም፤ ለእሱ አጥር ማጠር የእርስዎ ፈንታ ነው።

3. በፕሮግራሙ ዓይን ማየት

አሁን "ዲር" ብለው ይጻፉ። የሚመጣው ዝርዝር ፕሮግራሙ የሚያየው ዓለም ነው። ዊንዶውስ ላይ የሚያዩትን ለጊዜው ይርሱት። ታች ላይ 262,111,744 ባይት ነጻ ቦታ አለ ቢልዎት ዲስኬ ሞላ ብለው አይደንግጡ፤ ዶስቦክስ ለማንም የሚናገረው ልማዳዊ ቁጥር ነው።

ስሞቹን ግን በደንብ ይዩ። ዶስ የሚያውቀው ስም ከነጥቡ በፊት ስምንት፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ፊደል ነው። ከዚያ የረዘመውን ዶስቦክስ ስድስት ፊደል ላይ ይቆርጥና ~1፣ ~2 እያለ ይቀጥልበታል። አንድ ጊዜ "ካታሎግ 1996" እና "ካታሎግ 1997" የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ገጠሙኝ። ዶስቦክስ ውስጥ "ካታሎ~1" እና "ካታሎ~2" ሆነው ቁጭ ብለዋል። የትኛው የማን ዓመት እንደሆነ ከስሙ መለየት አይቻልም፤ አንድ ፎልደር ሲጨመር ቁጥሩ ሊዛወር ይችላል። ፕሮግራሙ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ውጤቱን አስቡት። እንዲህ ያለ ስም ካዩ ፕሮግራሙን ሳይከፍቱ ይውጡና በዊንዶውስ በኩል "ካት96"፣ "ካት97" ብለው ያሳጥሩት። ልብ ይበሉ፦ ሲገለበጥ ሰው የጨመረውን ረጅም ስም ነው የምናሳጥረው፤ ዱሮውኑ አጭር የነበረውን የፕሮግራሙን ፎልደር ስም መንካት የለም።

4. የአንድ ደረጃ ስህተት

ከገጠሙኝ ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው።

ከቡሬ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ የንብረት መዝገቡ የተሠራበት የድሮ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ መዝገቡን የሚፈልገው "ሲ:\ስቶክ\ዳታ" ላይ ነው። ሰውየው ግን ነገሩን ላሳጥር ብሎ እንዲህ አያያዘው፦

ማውንት ሲ ዲ:\ኦልድ\ሲ\ስቶክ

ፕሮግራሙ ወዲያው ሲ:\ ላይ ስለተገኘ በደንብ ተነሣ፤ እሱም ደስ አለው። ነገር ግን በዚህ አያያዝ "ስቶክ" የሚባለው ፎልደር ራሱ ሲ ሆኗል። ስለዚህ በውስጡ ያለው ዳታ አድራሻው "ሲ:\ዳታ" እንጂ "ሲ:\ስቶክ\ዳታ" አይደለም። ፕሮግራሙ የድሮውን አድራሻ ሲያንኳኳ ማንም አልከፈተለትም። በሩ ላይ ቆሞ "ስቶክ የት ነው?" እንደሚል እንግዳ ነው፤ የቆመው ስቶክ ውስጥ ነው!

ተቃራኒውም ይሆናል። "ማውንት ሲ ዲ:\ኦልድ" ቢሉ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ። አድራሻው "ሲ:\ሲ\ስቶክ\ዳታ" ሆነ፤ አሁንም አይገኝም።

መለኪያው ይህ ነው፦ የሚያያዘው ፎልደር በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የሲ ድራይቭ ራስ የነበረው መሆን አለበት። "ሲ:" ብለው ገብተው "ዲር" ሲሉ የሚመጣው ዝርዝር አሮጌውን ኮምፒውተር ከፍተው ዶስ ላይ ያዩት የነበረውን መምሰል አለበት። ካልመሰለ ፕሮግራሙን አይንኩት፤ ማውንቱን ይፍቱና አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት።

የነጋዴው ነገር ሌላም ጣጣ ነበረበት። ብዙ የድሮ ፕሮግራሞች መዝገባቸውን ካጡ ስህተት አይናገሩም፤ ዝም ብለው አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታሉ። እሱም ባዶውን ሲያይ "በቃ እንደገና ልጀምር" ብሎ የአንድ ሳምንት ሽያጭ አስገብቶበት ነበር። አድራሻው ሲስተካከል የድሮው መዝገብ መጣ፤ የሳምንቱ ደግሞ ሌላ ፎልደር ውስጥ ቀረ፤ በእጅ አዛወርነው። ስለዚህ ባዶ መዝገብ ካዩ ምንም ሳይጽፉበት ይውጡ።

5. ፕሮግራሙ የጻፈውን አድራሻ ማንበብ

አሮጌው ኮምፒውተር ከሞተ ፕሮግራሙ የለመደው አድራሻ የት ይገኛል? ፕሮግራሙ ራሱ ጽፎታል። በዊንዶውስ በኩል የፕሮግራሙን ፎልደር ይክፈቱና ስማቸው በባት፣ በሲኤፍጂ፣ በአይኤንአይ ወይም በፓር የሚያልቁ ትንንሽ ፋይሎችን ይፈልጉ። እየቀዱ በኖትፓድ ይክፈቷቸው። ከድራይቭ ፊደል ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የተጋደመ ሰረዝ ያለበት መስመር ሁሉ አድራሻ ነው፤ ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ሲዲኤስ አይሲስ ላይ ይህ ፋይል "ሲስፓር.ፓር" ይባላል። በየመስመሩ ቁጥርና የእኩል ምልክት አለ፤ ቀጥሎ የፎልደር አድራሻ። በ5 የሚጀምረው መስመር መዝገቦቹ ያሉበትን ይናገራል። እትዬ ይዘውት የመጡት ላይ እንዲህ ይላል፦

5=ኢ:\ዳታ\

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተፈታ። ማውጫውና መልእክቶቹ ሲ ላይ ስለነበሩ ፕሮግራሙ ተነሣ። መዝገቡ ግን የነበረው የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ሌላ ክፋይ በሆነው ኢ ላይ ነው። ልጁ ሲን ብቻ አያይዞ ኢን አላያያዘም። ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ "ኢ" በሚል ፎልደር ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አንዲት መስመር ጨመርኩ፦

ማውንት ኢ ዲ:\ኦልድ\ኢ

ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው ካታሎጉ መጣ። እትዬ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ "ይህችን መጽሐፍ ያስገባሁ ቀን መብራት ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኳት" አሉ፤ እውነትም ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች።

ልጁ "5= የሚለውን ወደ ሲ ብንቀይረውስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይቻላል። ነገር ግን አይሲስ ለእያንዳንዱ መዝገብ የራሱ የፓር ፋይል ሊኖረው ይችላል፤ ዋናውን የኤምኤስቲ ፋይልና ማመላከቻውን የኤክስአርኤፍ ፋይል በተለያየ ቦታ የሚያስቀምጥም አለ። አንዱን ቀይረው ሌላውን ቢረሱ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆናል። የግድ መቀየር ካለብዎት መጨረሻ ላይ ያለችውን የተጋደመች ሰረዝ አይጣሉ። ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ከአድራሻው ጋር በቀጥታ ነው የሚያጣብቀው። "\ዳታ" ብለው ከተዉት "\ዳታ\ቡክስ.ኤምኤስቲ" ማለቱ ቀርቶ "\ዳታቡክስ.ኤምኤስቲ" ብሎ ይፈልጋል፤ እንዲህ የሚባል ፋይል ደግሞ ከዓባይ ወዲህም ወዲያም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አድራሻው ትክክል ሆኖም ፕሮግራሙ የማይነሣው ከሌላ ፎልደር ላይ ቆመው ሲጠሩት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የማዋቀሪያ ፋይላቸውን የሚፈልጉት በዚያች ሰዓት እርስዎ በቆሙበት ፎልደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "ሲዲ \አይሲስ" ብለው ይግቡ፤ ከዚያ "አይሲስ" ብለው ይጥሩት።

6. ሲዲና የሲዲ ምስል

ፕሮግራሙ ሲዲ የሚጠይቅ ከሆነ ተራ ማውንት አይበቃም፤ የድራይቩን ዓይነት መናገር አለብዎት። የሲዲ ማጫወቻዎ በዊንዶውስ ኤፍ ከሆነ "ማውንት ዲ ኤፍ:\ -ቲ ሲዲሮም" ነው። የሲዲው ምስል በአይኤስኦ ፋይል ካለዎት ደግሞ አይ፣ ኤም፣ ጂ የሚሉትን ፊደሎች ከማውንት ጋር አጣብቀው ይጻፉ፤ ፊደሉንና የፋይሉን አድራሻ አስከትለው "-ቲ አይኤስኦ" ይበሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚደናገረው በዲ ነው፦ ዶስቦክስ ውስጥ ያለው ዲ አሁን ሲዲው ነው፤ የዊንዶውሱ ዲ ሌላ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘመድ አይደሉም።

7. በየጠዋቱ እንዳይጽፉት

ዶስቦክስ ሲዘጋ ያያያዙትን ሁሉ ይረሳል። ትእዛዞቹን የሚያስታውስለት ማዋቀሪያ ፋይል አለ፤ ዊንዶውስ ላይ በጀምር ማውጫ ከዶስቦክስ ሥር "ኦፕሽንስ" የሚለውን ሲጫኑ በኖትፓድ ይከፈታል። ወደ መጨረሻው ይውረዱ፤ በቅንፍ "አውቶኤክሴክ" የሚል ርእስ አለ። ከሥሩ፦

ማውንት ሲ ዲ:\ኦልድ\ሲ
ማውንት ኢ ዲ:\ኦልድ\ኢ
ሲ:
ሲዲ \አይሲስ
አይሲስ

አስቀምጠው ይዝጉት። ቀይሬዋለሁ ግን ምንም አልተለወጠም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ፋይል ነው የቀየረው። ከዶስቦክስ ጋር አብሮ የሚከፈተው ሁለተኛው ትንሽ መስኮት የትኛውን ማዋቀሪያ ፋይል እንዳነበበ ሙሉ አድራሻውን ይጽፋል፤ ከእሱ ያረጋግጡ። መጨረሻ ላይ "ኤግዚት" መጨመር የሚወዱ አሉ፤ ሁሉም ነገር ለሳምንት ያህል በደንብ እስኪሠራ ድረስ አይጨምሩት። ስህተት ሲመጣ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይዘጋና መልእክቱን ለማንበብ ጊዜ አይኖርዎትም።

ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ፋይሉን ቤታቸው ውስጥ "ዶስቦክስ" በሚል በነጥብ የሚጀምር ስውር ፎልደር ያገኙታል። እዚያ ማውንት ላይ የሚጻፈው አድራሻ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል።

8. የጻፉት የት ሄደ?

ዶስቦክስ ክፍት እያለ በዊንዶውስ በኩል አዲስ ፋይል ቢገለብጡ ውስጥ ያለው ፕሮግራም አያየውም። ዝርዝሩን አንዴ አንብቦ በአእምሮው ይዞታል። ኮንትሮልና ኤፍ4 አብረው ይጫኑ፤ ወይም ከፕሮግራሙ ወጥተው "ሪስካን" ይበሉ።

መክፈት ችሎ መጻፍ አልችል ያለ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ከሲዲ የተገለበጠ ነው፤ "ለንባብ ብቻ" የሚለው ምልክት አብሮት መጥቷል። ዊንዶውስ ላይ የፎልደሩን ባሕርያት ከፍተው ምልክቱን ያጥፉት።

መስኮቱን በኤክስ ምልክቷ አይዝጉ፤ ኮንትሮልና ኤፍ9ም ያው ድንገተኛ ሞት ነው። ፕሮግራሙን በራሱ መውጫ ያስወጡት፤ መዝገቡን አጥፎ የሚያስቀምጠው ያኔ ነውና። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ክረምት ላፕቶፕ መጠቀም ወይም ዩፒኤስ ማድረግ ቅንጦት አይደለም። የኤምኤስቲ ፋይል እየተጻፈ መብራት ከጠፋ አድራሻ ማስተካከል አያድነውም፤ የሚያድነው መሳቢያ ውስጥ የቆለፉት ፍላሽ ነው።

ዶስቦክስ የተሠራው ለጨዋታ ነው፤ ሠሪዎቹም ይህን አይደብቁም። 0.74 ወደ ማተሚያም አይልክም። ዶስቦክስ ኤክስ የሚባለው ዘመዱ ያትማል፣ ረጅም ስምም ማንበብ ይችላል፤ የአድራሻው ነገር ግን በእሱም ላይ ያው ነው። ስለዚህ ለእትዬ የነገርኳቸው አዲስ መጽሐፍ እዚህ ላይ መመዝገቡን እንዲያቆሙና ያለውን እንድናወጣ ነው። አይሲስ መዝገቡን በአይኤስኦ 2709 መልክ (የቤተ መጻሕፍት መዝገብ መለዋወጫ ነው፤ ከሲዲው ምስል ጋር አይገናኝም) ማውጣት ይችላል፤ እንደ ኮሃ ያለ የዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ይህን መልክ ያነባል፣ የመስኮቹ ቁጥር ማርክ ከሚባለው የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሥርዓት ጋር ካልተዛመደ ግን መጀመሪያ ማዛመድ ይጠይቃል።

ፕሮግራሙ "አውጥቻለሁ" ብሎ የት እንዳስቀመጠው ካልነገረዎት ዶስቦክስን ዘግተው በዊንዶውስ ዲ:\ኦልድን ይክፈቱ። በመፈለጊያው በኩል ዛሬ የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ እንዲያሳይ ይጠይቁትና በሰዓት ያሰልፏቸው። ከላይ የሚመጣው እሱ ነው። የእትዬን ያገኘሁት ኢ ውስጥ፣ ከዳታ ፎልደር ጎን ነው። እሳቸውም አምስቱን የአውቶኤክሴክ መስመሮች በካታሎግ ካርድ ጀርባ በእጃቸው ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፏቸው።